ወንበር ያገኘችው ሴትና ጠበቃ ያጣችው ሴት

በ1992 ዓ.ም. ምርጫ 547 መቀመጫዎች ባሉት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሴቶች የያዙት 42 ብቻ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ይኸው ቁጥር 212 ደረሰ። በአሥራ አምስት ዓመት አምስት እጥፍ ማደግ ቀላል ነገር አይደለም፤ መንግሥትም በየመድረኩ ሲኮራበት ኖሯል። በዚያው በ2007 ምርጫ ግን ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ የምክር ቤቱን ወንበር አንድ ሳይቀር ጠቀለሉት። 212 ሴቶች ገቡ፤ አንድም የተቃዋሚ ድምፅ አልገባም።

የሴቶች እኩልነት ለዴሞክራሲ ያለው ዋጋ ሲነሳ ውይይታችን ቁጥሩ ላይ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። እኔ የምለው ሌላ ነው። የአንድ አገር እኩልነት የሚለካው በዳይዋን ከስሳ ፍርድ ቤት የቆመች ድሀ ሴት ከጎኗ ጠበቃ፣ ከፊቷ ማንንም የማይፈራ ዳኛ በማግኘቷ ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ሕዝብ በነፃነት በማይደራጅበትና በማይናገርበት አገር አይገኙም። ይህን ለማየት የአንድ ማኅበር ታሪክ ይበቃል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች እኩል መሆናቸውን አወጀ። በሥራ ላይ የነበሩት ሕጎች ግን የንጉሡ ዘመን ሕጎች ነበሩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዛል፤ የጋብቻ ዕድሜን ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ያደርጋል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ልጅቷን የጠለፈ ሰው አግብቷት ከተገኘ ከክስ ያመልጣል። በደሉን ራሱ የበደሉ ማምለጫ ያደረገ ሕግ ነበር፤ ያውም ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ በኋላ ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል።

ይህን ክፍተት የሞላው መንግሥት ሳይሆን በእነ መዓዛ አሸናፊ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ጠበቃ መግዛት ለማይችሉ ሴቶች በነፃ ይቆም ነበር። አርሲ ውስጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለችው የ14 ዓመት ተማሪ በግድያ ስትከሰስ አብሯት የቆመው እርሱ ነው። ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። በየአካባቢው ሽማግሌ «ባህል ነው» እያለ ሲሸፍነው የኖረው ጠለፋ በአንዲት ልጅ ክርክር የአገር ጉዳይ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ ጥልቅ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም 18 አደረገ፤ የባልን አዛዥነት ሰርዞ ባልና ሚስት ቤታቸውን በእኩልነት እንዲመሩ፣ የጋራ ንብረታቸውንም አብረው እንዲያስተዳድሩ ደነገገ። ፍቺን የመወሰን ሥልጣንንም ከዘመድ ዳኞች ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጠ። ለእኔ ትልቁ ለውጥ ይህ የመጨረሻው ነው። ብዙ ጊዜ የባል ወገኖች በሚያይሉበት ሸንጎ ስለ ቤቷ፣ ስለ ልጆቿና ስለ ንብረቷ ይወሰንባት የነበረች ሴት ይግባኝ ወደሚባልበት አደባባይ ወጣች። የወንጀል ሕጉም ተሻሽሎ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ለጠላፊው በጋብቻ የማምለጫውን በር ዘጋበት፤ ጠለፋ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። በአማራ ክልል ደግሞ የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይወጣ ጀመር። መሬቷ በስሟ ያልተመዘገበ ሴት ባሏን ብታስቀይም መውደቂያ የላትም። መውደቂያ የሌላት ሴት ደግሞ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስታ ሊቀ መንበሩን «ይህ አይሆንም» ልትል ቀርቶ ለማን እንደምትመርጥ እንኳ ራሷ አትወስንም።

ነገር ግን ያው ማኅበር በ1993 ዓ.ም. መጨረሻ ታገደ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ የፍትሕ ተቋማት አንዲት ጥቃት የደረሰባትን ሴት አቤቱታ የያዙበትን መንገድ በአደባባይ ተችቷል። ከሳምንታት በኋላ እገዳው ተነሣ። የከፋው የመጣው በ1997ቱ ምርጫ ማግሥት የፖለቲካው ሜዳ ሲጠብ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት፣ በጾታ እኩልነትና በፍትሕ ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። በአገር ውስጥ መዋጮ ብቻ ነፃ የጠበቃ አገልግሎት መስጠት አይቻልም ነበር። የማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ታገደ፤ አብዛኞቹ ሠራተኞቹ ተሰናበቱ። በየክልሉ ወደ ቢሮው ይመጡ የነበሩ ሴቶች ስለ አዋጅ ቁጥር 621 ሰምተው ላያውቁ ይችላሉ፤ የሚያውቁት ይመክራቸው የነበረው ሰው ከቦታው መጥፋቱን ነው።

አዋጁን ያጸደቀው ምክር ቤት ከ1992ቱ ከእጥፍ በላይ ሴቶች የተቀመጡበት እንደነበረ ልብ በሉ። ይህን የምለው እነዚያን ሴት እንደራሴዎች ለመውቀስ አይደለም። ፓርቲው ወስኖ በሚያመጣለት አጀንዳ ላይ እጅ ከማውጣት በቀር ምርጫ በሌለው ምክር ቤት ወንዱም ሴቷም የሚሠሩት ያንኑ ነው። ለዚህ ነው የሴቶችን ጥያቄ ከመደራጀትና ከመናገር ነፃነት ነጥሎ «እኛ ፖለቲካ ውስጥ አንገባም» የሚለው አካሄድ የማያዋጣው። ሜዳው ሲዘጋ መጀመሪያ ድምፅዋን የምታጣው ሴቷ ናት።

በ2011 ዓ.ም. ግማሹ ካቢኔ ሴቶች ሲሆኑ፣ ወይዘሮ ሳህለ ወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት፣ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሲሆኑ ደስ ያላለው ሰው ጥቂት ነው። እኔን ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ግን በዚያው ዓመት አዋጅ 621 ተሽሮ በአዋጅ 1113 መተካቱ ነበር። ሹመት በሹመት ይተካል፤ የተከፈተ የሕግ ምክር ቢሮ ግን ለማትታወቅ ሴት ይደርሳል። በ2017 ዓ.ም. አንዳንድ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ታግደው እገዳው ከወራት በኋላ ሲነሣላቸው ያሳሰበኝም ስለዚህ ነው። መንገዱን እናውቀዋለን።

ሕጉም ቢሆን አላለቀም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን «ከጋብቻ ውጪ» ብሎ ስለሚያጥር ባል ሚስቱን ቢደፍር በዚህ አንቀጽ አይጠየቅም። ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት የሚናገረው አንቀጽ 564 የራሱ ቅጣት የለውም፤ ወደ ሌሎች አንቀጾች ይመራል። በፖሊስ ጣቢያ ደግሞ «የባልና ሚስት ጉዳይ ነው፣ ታረቁ» የሚል ምላሽ ዛሬም አለ። ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ፤ ብዙ ደም አድርቀዋል። ነገር ግን አባቶቻችን ራሳቸው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ብለዋል። የተደበደበች ሴት በእርቅ ስም ክሷን አንስታ ወደዚያው ቤት ስትመለስ የሄደባት ያለ ፍርድ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ተደፍራ ስለተገደለችው የሰባት ዓመት ሕፃን እናቷ በ2016 ዓ.ም. ክረምት በአደባባይ ስትናገር አገሩ ሁሉ ተቆጣ። በወንጀለኛው ላይ የተፈረደው 25 ዓመት አነሰ ብለው ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰዎች በበይነ መረብ ፈረሙ። ቁጣው ተገቢ ነበር። ነገር ግን አንዲት እናት ፍትሕ ለማግኘት ሐዘኗን በማኅበራዊ ሚዲያ ማሰማት ካለባት ስልክ የሌላት፣ ቋንቋዋ ያልተሰማላት፣ ታሪኳ ያልተሠራጨላት እናት ምን ታድርግ?

«መጀመሪያ ሰላም ይምጣ፣ የሴቶቹ ነገር ይደርሳል» የሚሉ አሉ። በሰሜኑ ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ሴቶች የተደፈሩት በሰላም እጦት ነውና አባባሉ እውነት ይመስላል። ይሁን እንጂ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ የእነዚህን ሴቶች ቃል በዝግ ችሎት፣ በሕክምናና በጥበቃ ካልሰማ ሰላም የሚባለው ጠመንጃ የያዙ ወንዶች እርስ በርሳቸው የሚፈራረሙት ወረቀት ይሆናል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ምርጫ ድምፃችንን ሊለምኑ የሚመጡትን፣ ወንድም ሴትም፣ ስንት ሴት ዕጩ እንዳቀረቡ ብቻ ጠይቀን አንመለስ። አንቀጽ 620ን ታሻሽላላችሁ? የቤት ውስጥ ጥቃት ራሱን የቻለ ሕግ ይወጣለታል? ለወረዳ ፍርድ ቤት ነፃ ጠበቃ በጀት ትመድባላችሁ? የሴቶች ማኅበር ፖሊስንና ዳኛን ሲተች ሥልጣን ይዛችሁም ቢሆን አትዘጉትም? መልሱን በቃል ሳይሆን በፓርቲያቸው የምርጫ ማኒፌስቶ ላይ ጽፈው ያሳዩን።