ኮፈን ከፍቶ መገኘት

እሁድ ጠዋት ነው። ኮፈኗን ከከፈትኩ ሦስት ደቂቃ አልሞላኝም። ቁልፍ እንኳን ገና አላነሳሁም። ከኋላዬ «ባትሪ ነው» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞር ስል የማላውቀው ሰው ነው። ዳቦ ገዝቶ ወደ ብሎኩ እየተመለሰ ነበር። መኪናዋ ስትነሳ አላየም፤ ስትቆምም አላየም። ምን ሆና ነው ብሎም አልጠየቀም። ብቻ ፈረደ።

«ባትሪ አይደለም ወንድሜ፤ ትነሳለች» አልኩት።

«እንግዲያው ፓምፕ ነው» አለና ዳቦውን ከአንዱ ብብቱ ወደ ሌላው አዛውሮ ቆመ። ሊቆይ ነው ማለት ነው።

ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የተከፈተ ኮፈን እንደ ለቅሶ ድንኳን ነው። ያየው ሁሉ ጎራ ሳይል አያልፍም። ልዩነቱ፣ ለቅሶ ላይ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ ያውቃል።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። አውቃለሁ፣ አሁን «ቪትዝ'ኮ ናት» ልትሉ ነው። ቆይ። አር ኤስ ናት። የ2001 ሞዴል፣ 1500 ሲሲ፣ ባለ አምስት ማርሽ ማንዋል፣ ከኋላ ክንፍ ያላት። አንድ ቶን ገደማ የምትመዝን መኪና ከመቶ በላይ የፈረስ ጉልበት ሲሰጣት ምን እንደምትሆን፣ ቀለበት መንገድ ላይ በማለዳ ያልነዳት ሰው አያውቅም። መልኳን የነደፈው ሶቲሪስ ኮቮስ የሚባል ግሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ስትወጣ ጃፓን የዓመቱ መኪና ብላ ሸለመቻት። አውሮፓም ያሪስ በሚለው ስሟ የ2000ን ሽልማት ሰጠቻት። ይህንን ሁሉ ለጥበቃችን አስረድቼዋለሁ። በትዕግሥት ሰማኝ። ስጨርስ ከኋላ ያለውን ቀይ «አር ኤስ» እያየ፣ «ርካሽ ስፖርት ማለት ነው?» አለኝ።

ርካሽስ አይደለችም። ሌላ አገር መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል። እኛ ዘንድ እንደ ከተማ መሬት ነው፤ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይወደዳል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ጭራሹን እንዳይገባ ተባለ። የእኔ ቢጤው እንግዲህ ምን ያደርጋል? ያለችውን ያስታምማል።

እሷም ብትሆን ብዙ ያየች ናት። ስትፈጠር መሪዋ በቀኝ ነበር። እዚህ ከመድረሷ በፊት ዱባይ ላይ ወደ ግራ አዙረውላታል። የፍጥነት መቁጠሪያዋ ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ስለሆነ ብዙም አልተቸገሩ ይሆናል። የዝናብ መጥረጊያዋ ግን እስካሁን ወሬውን አልሰማም። ክረምት ሲመጣ አጥርቶ የሚጠርገው ጃፓናዊው ሾፌር ይቀመጥበት የነበረውን በኩል ነው። እኔ አንገቴን አስግጌ፣ ጋቢና በተቀመጠው ሰው በኩል አሾልቄ እነዳለሁ።

ወደ ሕመሟ ልመለስ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ ቆማ ስትሠራ፣ ወባ እንደያዘው ሰው መንቀጥቀጥ ጀመረች። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ ደግሞ ጉልበት ከዳት። ሰው ጠቅጥቆ የጫነ ሚኒባስ ቀደመኝ። ረዳቱ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ ክንፏን አየና «በዚህ ብረሪ እንጂ!» አላት። ለእኔ እንኳን አልተናገረም። በቀጥታ ለእሷ።

ሐሙስ ማታ መረመርኳት። ሞተሩ እየሠራ፣ ለየሲሊንደሩ ኤሌክትሪክ የሚልኩትን የአራቱን ቦቢና ሶኬት አንድ በአንድ ነቀልኩ። አንደኛውን ስነቅል ድምፁ ተቀየረ። ሁለተኛውም፣ አራተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ስነቅል ምንም፤ ድሮውንም አይሠራም ነበር ማለት ነው። ቦቢናውን ከሁለተኛው ጋር አቀያየርኩ፤ ሕመሙ እዚያው ሦስተኛው ላይ ቀረ፤ ጥፋቱ የቦቢናው አይደለም። ፈትቼ በስልኬ መብራት ወደ ጉድጓዱ ባይ፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ዘይት ውስጥ ቆሟል። የቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ ማለት ነው፣ የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ደርቆ ዘይት ያሳልፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ሄጄ ጓርኒሲዮኑን ገዛሁ።

ሶማሌ ተራ ስሄድ ዓይኔ ሁሌ ስፖኪዮ የተደረደረበት ላይ ነው የሚያርፈው። የአዲስ አበባ ሰው ስፖኪዮው ላይ ታርጋ ቁጥሩን የሚያስቀርጸው ለጌጥ አይደለም። የእኔ የግራው ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ ሌሊት ተነቅሎ ሄዷል። አሁን ያለውን ስገዛ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው፣ ከራሱ ከመኪናው የወጣ» ብሎ ማለልኝ። አመንኩት። ከማን መኪና ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ይሄ ሌላ ወግ ነው፤ ባልነካካው ይሻለኛል።

እና እሁድ ጠዋት ቆሜያለሁ። በሽታዋን አውቄዋለሁ። መድኃኒቷ ኪሴ ውስጥ ነው። ባለዳቦው ግን ፓምፕ ነው ይለኛል።

አራት ሰዓት ላይ ስድስት ሆነዋል። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛው ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው ወረዱ።

«ቺንጋዋን ቀይረሃታል?»

«ጋሼ፣ ይቺ የታይሚንግ ቺንጋ፣ የጎማ ቀበቶው፣ የላትም። ሰንሰለት ነው ያላት።»

«ሰንሰለትም ቢሆን ቺንጋ ነው። ቀይራት።»

ጋሼ መኪና ኖሯቸው አያውቅም። ጣልያንኛውን ግን ይችሉበታል። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ሞቶሪኖ ሲሉ ሰው ሁሉ ጸጥ ይልላቸዋል። ጣልያን አምስት ዓመት ተቀምጦ ተባረረ፤ ከኮፈን ሥር ግን እስካሁን አልወጣም። እንደታዘብኩት እኛ ግቢ ሦስት የጣልያን ቃል የደረደረ ሰው መካኒክ ነው። አምስት ከደረደረ ጋራዥ ነው።

አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ስልኩን እየነካካ፣ «ብሮ፣ ሽጣትና ኤሌክትሪክ ግዛ፣ ተገላገል» አለኝ። ይህን ሲለኝ ብሎካችን መብራት ከሄደበት ሁለተኛ ቀኑ ነው። የሚነካካውን ስልክ ቻርጅ ያደረገው ማታ ከእኔው መኪና ላይ ነው።

ነገሩ የመኪና ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ጉንፋን ይዞህ ታክሲ ውስጥ አንዴ አስነጥስ እስቲ። ዳማከሴ ይሉሃል፣ ፌጦ ይሉሃል፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ይሉሃል። አንዷ ሴትዮ «አይ፣ ይሄ ብርድ አይደለም፤ ዓይን ነው» ብላ ሳትመረምር ወደ ጠበል መርታኛለች። መስኮቱን ግን ማንም አልዘጋውም።

አልሰማ ስል ጋሼ ጋቢያቸውን አጣፉና፣ «ምከረው ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» አሉ።

ይህን ተረት እወደዋለሁ። እናቴ በቀን አንዴ ሳትለው አትውልም ነበር። ግን ልብ ብላችሁ ስሙት። «ምከረው» ይላል እንጂ «አውቀህ ምከረው» አይልም። የመካሪውን ችሎታ የሚመለከት አንድ ቃል የለበትም። ሁለት ጊዜ ምክር ነው፤ ከዚያ በቀጥታ መከራ። መሃል ላይ «ቆይ፣ ልጁ ምን አለ?» የሚል የለም። እንዲያውም እያሰብኩት ስሄድ ከሁሉም የተሻለው መካሪ ራሱ መከራ ነው። ቢያንስ ሥራው ላይ ይገኛል። ከመጣም እስኪያልቅ አብሮህ ይቆያል። ዳቦ ታቅፎ አይመጣም።

ደግሞ ስለ መከራ ካነሳን፣ 10 ቁልፍ አለ፤ የ10 ሚሊሜትር ብሎን መፍቻ።

የዚህች መኪና ጣጣ ሁሉ የሚፈታው በ10 ቁልፍ ነው። ቦቢናው በ10፣ የቴስታታው ክዳን በ10፣ የባትሪው ጫፍ በ10። 10 ከሌለህ መኪና የለህም። እኔ አንድ ግሩም 10 ነበረኝ። ከሰው እንዳይቀላቀል እጀታው ላይ በባለቤቴ ቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ። በ2015 ግንቦት ላይ አንድ ጎረቤቴ ተዋሰኝ። በወሩ ቤት ለቆ ሄደ። መልሻለሁ ይላል። አልመለሰም። ያየሁት እኔ ነኝ፤ ማለቴ ያላየሁት። አምና አንድ ሰርግ ላይ ተገናኘንና ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። ዶሮ ወጥ እየጨለፍኩ ነበር። መጨለፌን ቀጠልኩ። ባለቤቴ «ለአንድ ቁልፍ?» አለችኝ። ለአንድ ቁልፍ አይደለም፤ ለ10 ነው። አሁን የምሠራበት ርካሽ ነው፤ ብሎን ይበላል። እያንሸራተተ ጣቴን በላጠኝ ቁጥር ያንን ሰው በስሙ እጠራዋለሁ።

ክዳኑ ወጣ። አሮጌው ጓርኒሲዮን እንደ ደረቀ ቋንጣ እየተሰባበረ ወደቀ። ጠርዙን በጨርቅ አጸዳሁ። የሰንሰለቱ ሽፋን ከቴስታታው ጋር በሚገናኝባቸው ሁለት ጥጎች ላይ ብቻ ሲልከን የሚባለውን ማሸጊያ ትንሽ ትንሽ ጠብ አደረግሁ።

«ዙሪያውን ቀባው እንጂ! ምን ትሰስታለህ?» ባለዳቦው ነው።

እዚህ ላይ እውነት ለመናገር ሳቄ አለቀ። ይህች መኪና ከዚህ በፊት አንድ ጋራዥ ገብታ ነበር። ዙሪያውን ቀብተዋታል። የተረፈው ሲልከን ወደ ውስጥ ተቆርጦ ወደቀና የዘይት መሳቢያውን ወንፊት መዝጋት ጀምሮ ነበር። ያኔ ካርተሯን፣ ከሥር ያለውን የዘይት ቋቷን፣ አውርጄ እንደ ማስቲካ እየለቀምኩ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከፋዩም እኔ ነኝ። «ዙሪያውን ቀባው» ያለው ሰው ያኔ የት ነበር? ሞተር ቢነክስ እሱ ግማሹን ይከፍላል? ነገ ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ያደርስልኛል? ስድስት ሰው ከበበኝ፤ አስራ ሁለት እጅ ማለት ነው። አስራ ሁለቱም ኪስ ውስጥ ነው። እኔ ስልኬን በጥርሴ ነክሼ እያበራሁ ነው የምሠራው። አንድ ሰው «ላብራልህ?» አላለም። ምላስ ሁሉ ሠራተኛ፣ እጅ ሁሉ ጡረታ የወጣ!

ጮክ ብዬ ያልኩት አልመሰለኝም ነበር። ብዬዋለሁ ለካ። ሁሉም ዝም አሉ። ጋሼ ወደ ሰማይ አዩ።

ያኔ ከጎኔ አንዲት ትንሽ እጅ መጣችና ስልኩን ከአፌ ወሰደችው። የጥበቃው ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ምንም አላለችም። መብራቱን እጄ ባለበት ያዘችልኝ። እጄ ሲሄድ መብራቱ ይከተላል። በሃያ ደቂቃ ክዳኑን መለስኩ፤ ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር ቀስ እያልኩ አጠበቅሁ። ካንዴላዎቹን መለስኩ። ቦቢናዎቹን መለስኩ። የመጨረሻው የቦቢና ብሎን ግን ከጣቴ አመለጠና ወደ ታች ገባ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዚያ ጸጥ።

«ወድቋል» አለ ባለዳቦው። አመሰግናለሁ።

እንደ አንቴና የምትዘረጋ፣ ጫፏ ላይ ማግኔት ያላት ዘንግ አለችኝ። ልጅቷ አበራችልኝ፤ እኔ በሞተሩና በራዲያተሩ መሃል ዘንጓን አወረድኩ። ታች ካለው የፕላስቲክ ሽፋን ላይ ጠቅ ብሎ ያዘ። ሳወጣው ከበደኝ። ብሎን እንዲህ አይከብድም።

አፈርና ዘይት የለበሰ ቁልፍ ነው። በአውራ ጣቴ ጠረግሁት። 10። እጀታው ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም።

ልጅቷ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ቶሎ ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

«ምን አገኘህ?» አሉ ጋሼ።

«ምንም።»

ብሎኑን በሁለተኛው ሙከራ አወጣሁት። አሰርኩት፣ አስነሳኋት። ሚኒሞዋ እንደ ቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ጸጥ አለ። ስድስቱም በአንድ አፍ «አላልኩህም?» አሉኝ። ማን ምን እንዳለ የሚጠይቅ አልነበረም። ባለዳቦው ዳቦውን ቆርሶ ለጋሼ ሰጣቸውና ተያይዘው ወደ ብሎካቸው ሄዱ።

የዚያ ጎረቤቴ ስልክ እስካሁን አለኝ፤ አላጠፋሁትም። እደውልለታለሁ። ብቻ መጀመሪያ ባለፈው ክረምት የጀመርኩትን የዝናብ መጥረጊያ ነገር ልጨርስና።