«አሪፍ ነው» አትበሉኝ፣ ተጫወቱልኝ

ዛሬ እስኪወጣልኝ ነው የምጽፈው፣ ረጅም ስለሆነ ማንበብ የማይፈልግ ይለፈኝ።

እዚህ ጅማ ያላችሁ ታውቁኛላችሁ፣ ቀን ፈረንጅ አራዳ ሞባይል ጥገና ነው የምውለው፣ ማታ ደሞ ጌም እሰራለሁ። ገበጣ ነው፣ ጠጠሩን በጀንፈል ቡና የተካሁት፣ 12 ጉድጓድ በየጉድጓዱ 4 ፍሬ። ዓመት ከአራት ወር ፈጅቶብኛል። ኮዱ አልቋል፣ ድምፁ አልቋል፣ የቀረኝ ከመለቀቁ በፊት በደንብ ቴስት ማድረግ ብቻ ነው። እና ያቃጠለኝ ኮዱ አይደለም፣ መብራቱም አይደለም (እሱ የራሱ ብሶት አለው፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር)፣ ያቃጠለኝ «አሪፍ ነው» የምትለዋ ቃል ናት።

ለማያውቅ ላስረዳ። ጉግል ፕሌይ ላይ በግል ስሙ አካውንት የከፈተ ሰው፣ በፈረንጆቹ ከኖቬምበር 2023 ወዲህ የከፈተ ማለቴ ነው፣ የአካውንት መክፈቻ 25 ዶላሩን ስለከፈለ ብቻ ጌሙን መልቀቅ አይችልም። መጀመሪያ ዝግ ቴስት የሚባል ነገር አለ፣ ቢያንስ 12 ሰው በሊንኩ ተመዝግቦ 14 ቀን ሳይወጣ በተከታታይ መቆየት አለበት። በፊት እንደውም 20 ሰው ነበር፣ በ2024 መጨረሻ ነው ወደ 12 የወረደው። ከዛ በኋላም ጥያቄ አለ፣ ቴስተሮቹን ከየት አመጣሃቸው፣ ምን አሉህ፣ እነሱ ያሉህን ሰምተህ ምን ቀየርክ ይልሃል። ሕጉ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፣ ልክ ነው ባይ ነኝ። ቅሬታዬ እኛ ላይ ነው።

ሊንኩን ለ31 ሰው ላክሁ። 31ዱም «እሺ ችግር የለም» አሉኝ። የገቡት 14 ናቸው። አንዳንዱ «ስንት ሜጋ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፣ እሱን አልቀየምም፣ ፓኬጅ ውድ ነው፣ እውነቱን ነው። የምቀየመው ገብተው በማግስቱ «ወንድሜ በጣም አሪፍ ነው፣ በርታ፣ ትልቅ ቦታ እንጠብቅሃለን» ብለው የጻፉልኝን ነው። ምክንያቱም እኔ አያለሁ። ጌሙ ላይ ሰው የት ደረጃ ደርሶ እንዳቆመ የሚቆጥር ነገር አለ፣ ለሁላቸውም ቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። ከ14ቱ 9ኙ የመጀመሪያውን ዙር እንኳን አልጨረሱም። አንድ ደቂቃ የሞላ ጥቂት ነው። በማግስቱ ተመልሶ የከፈተው ሰው ሁለት ብቻ ነው!! በዚህ ሙያ ከድሮ ጀምሮ የሚጠቀስ ግምት አለ፣ ጌሙን ከጫነው ሰው በማግስቱ 40 ፐርሰንቱ፣ በሳምንቱ 20፣ በወሩ 10 ከተመለሰ ጥሩ ነው ይባላል። 14 ሰው ትንሽ ነው፣ ከዚህ ፐርሰንት አይወጣም፣ አውቃለሁ፣ ግን ቢያንስ አምስት ስድስት ሰው መመለስ ነበረበት እኮ። አሪፍ ከሆነ ለምን ወጣችሁ? አሪፍ ካልሆነ ለምን አትነግሩኝም? ዘመዶቼ ናችሁ፣ አብሮ አደጎቼ ናችሁ፣ እናንተ ካልነገራችሁኝ ማን ይነግረኛል?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ እኔ አልደበቅሁም፣ አውጥቼ ነው የሰጠኋችሁ፣ የደበቃችሁብኝ እናንተ ናችሁ።

አሁን ምን እንደምፈልግ ላሳያችሁ። ከሱቃችን ጎን ቡና የምታፈላ እትዬ አለች። አንድ ቀን ከሰዓት ስልኩን ሰጠኋትና እስቲ ይቺን ሞክሪልኝ አልኳት፣ ምንም ላልናገር ላላግዛት ለራሴ ቃል ገብቼ። እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ስልኩን በግራ እጇ ያዘችና በቀኝ አውራ ጣቷ ሶስተኛዋን ጉድጓድ ነካች። አራተኛዋ ተንቀሳቀሰች። ድጋሚ ነካች፣ አሁንም አራተኛዋ። «ይሄ ነገር አይሰማም እንዴ?» አለች። እኔ አፌ ድረስ መጥቶ «ወደ ግራ ጠጋ አድርገሽ ንኪው» ልላት ነበር፣ ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ለሶስተኛ ጊዜ ሞከረች፣ ከዛ ጀበናው ገነፈለና ስልኩን ረከቦቱ ጫፍ ላይ አስቀምጣ ወደ ከሰሉ ዞረች። አልተመለሰችበትም። ሃምሳ ሰከንድ ቢሆን ነው።

ከዛች ሃምሳ ሰከንድ ያገኘሁትን ከ14 ሰው «በርታ» አላገኘሁም። ማታ ገብቼ ለካሁት። ስልኩ ቁሙን ሲያዝ ስድስቱ ጉድጓድ በአንድ ረድፍ ተጨናንቀው የአንዱ ስፋት ወደ 7 ሚሊሜትር ነው፣ አንድሮይድ ራሱ የሚመክረው የጣት መንኪያ ደሞ ወደ 9 ሚሊሜትር ነው። እኔ ራሴ ስለሰራሁት ጣቴ ለምዶታል፣ አይሳሳትም። የሷ አውራ ጣት ግን ጉድጓዱን ሙሉ በሙሉ ሸፈነው። በሶስት ቀን ውስጥ ስክሪኑን አጋደምኩት፣ ጌሙ በአግድም ሆነ፣ ጉድጓዶቹ ተነፈሱ።

«ይሄን ያህል ምን ያስጨንቅሃል፣ ልቀቀውና በአፕዴት ታስተካክለዋለህ» የምትሉኝ አላችሁ። ኧረ ባካችሁ። ብራውል ስታርስን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ሰሪው ኩባንያ ሱፐርሴል ያን ሁሉ ብር ይዞ በ2017 ሰኔ ላይ መጀመሪያ ካናዳ ብቻ ነው የለቀቀው፣ ለዓለም የለቀቀው በዲሴምበር 2018 ነው። ዓመት ተኩል! በመሀል ጌሙን ከቁም ወደ አግድም ገልብጠውታል፣ እኔ እትዬን አይቼ ያደረግሁትን ማለት ነው። እነሱ እንደዛ ከተጠነቀቁ እኔ አንድ ስልክና አንድ ላፕቶፕ ያለኝ ልጅ በምን አቅሜ ነው ዝም ብዬ የምለቀው? የመጀመሪያ ቀን ተበሳጭቶ ያጠፋውን ተጫዋች በአፕዴት አትመልሰውም፣ አፕዴቱ የሚደርሰው ጌሙ ስልኩ ላይ ላለ ሰው ነው።

ሌላም አለ። አጂፕ ጋ ተራ የሚጠብቅ አንድ ባጃጅ ሹፌር አስሞከርኩት፣ ይሄኛው ወዶት ነበር፣ እየመራ ነበር፣ ስልክ ተደወለለት፣ አንስቶ አውርቶ ሲመለስ ጌሙ ከመጀመሪያው ጀመረ። ፊቱን ማየት ነበረባችሁ። የሱ ስልክ 2 ጊጋ ራም ነው፣ ሌላ ነገር ሲከፈት ስልኩ ቦታ ለማግኘት ጌሙን ከጀርባ ይዘጋዋል፣ እኔ ደሞ ጨዋታው የሚቀመጠው ዙር ሲያልቅ ብቻ እንዲሆን ነው የሰራሁት። የኔ ስልክ 8 ጊጋ ስለሆነ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። እኔ ቀን ቀን እነዚህን ስልኮች ነው የምጠግነው እኮ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ሚሞሪው የሞላ፣ ባትሪው ያበጠ፣ የጅማ ተጫዋች በእጁ የያዘው ይሄን ነው፣ እና ሚሞሪ ሲሞላ መጀመሪያ የሚጠፋው ፎቶ አይደለም ጌም ነው። አንድ ጋሼ ደሞ ሄርማታ ሰፈር «እኛ ጋ እንዲህ አይደለም የሚቆጠረው» ብለው ገበጣውን በራሳቸው አቆጣጠር መሬት ላይ ቆፍረው አሳዩኝ፣ እሱን አሁን እንደ ምርጫ ላስገባው ነው። በኦሮምኛ ሳደርገው «ጀልቀቢ» የምትለው በቁቤ ስትጻፍ ረዝማ ከ«ጀምር» ቁልፍ ወጥታ ተገኘች፣ ያየችልኝ ደሞ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። አንዳቸውም «አሪፍ ነው» አላሉኝም። እግዜር ይስጣቸው።

አሁን ደሞ አንዱ የመከረኝ፣ ቴሌግራም ላይ ቴስተር የሚለዋወጡበት ግሩፕ አለ፣ ያንተን ልጫን የኔን ጫን፣ 14 ቀን ትሞላለህ አለቀ። ይሞላል፣ ቁጥሩ ይሞላል። ግን ያ ሰው ጌሜን ከፍቶ አያየውም እኮ፣ እኔም የሱን አላየውም፣ ሁለታችንም ተዋሽተን ሁለታችንም ያልተሞከረ ነገር ሕዝብ ላይ እንለቃለን። አልፈልግም።

ይሄን ሁሉ የምናደደው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬ ለልጆች የሂሳብ ጌም ሰርቶ ላከልኝ። ሱቅ ወረፋ ነበር፣ አንዴ ከፈትኩት፣ ቀለሙ ያምራል፣ «አሪፍ ነው ወንድሜ» ብዬ ጻፍኩለትና ረሳሁት። ሶስተኛው ደረጃ ላይ ክራሽ ያደርግ ነበር፣ በራሱ ይዘጋ ነበር ማለት ነው። ሁለት ደቂቃ ብጨምር አገኘው ነበር። ከተለቀቀ በኋላ ወላጆች አንድ ኮከብ እየሰጡ «ልጄን አስለቀሰብኝ» እያሉ ጻፉበት። አስተካከለው፣ ግን የተመለሰ ሰው የለም። ስራውን ተወው፣ አሁን ስለ ጌም ሳነሳበት ወሬ ይቀይራል። ያኔ እንዳላስቀይመው ብዬ ነው፣ ይሉኝታ ነው የያዘኝ፣ ማን አስቀየመው ታዲያ? እኔ ነኝ። አሁን ያ ነገር በኔ ላይ ሲደርስ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ትናንት ዘጠነኛ ቀኔ ነበር። ሶስት ሰው ከቴስቱ ወጥቷል፣ አንዱን ስጠይቀው «ገና ያልተለቀቀ ነው ምናምን ሲለኝ ስልኬን የሚያበላሽ መስሎኝ ነው» አለኝ። ከመውጣትህ በፊት ብትደውልልኝ ምን ነበረበት? 11 ቀረን። አሁን የሚገባው አዲስ ሰው 14 ቀኑን ከአንድ ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ እኔም ከአንድ ነው የምጀምረው።

ቅዳሜ ከሰዓት ከ9 ሰዓት ጀምሮ እትዬ ጋ ቁጭ ብያለሁ። አሮጌ ስልክ ያላችሁ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀም ቢሆን፣ ይዛችሁ ኑልኝ፣ ኢንተርኔቱ በኔ ነው፣ ቡናውም በኔ ነው። ምንም አስተያየት እንድትሰጡኝ አልፈልግም። ተጫወቱ፣ ሲሰለቻችሁ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት፣ ደቂቃውን እኔ እጽፋለሁ።