ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ ጠጡ አላሉም

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ የቀረበ የባህል መድኃኒት አዋቂ፣ እብድ ውሻ የነከሰው ሰው የእንዶድ ሥር በማር ለውሶ ከዋጠ «ክትባት አያሻውም፤ ተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳትም የለው» ብሎ ሲናገር አዘጋጁ አንዲት ጥያቄ አላነሳም። ጭራሽ አመስግኖ ሸኘው። ያንን ዝግጅት ደሴም ወረኢሉም ያለ ሰው ይሰማዋል። ልጁ ትናንት የተነከሰበት አባትም ሰምቶታል።

ያቀረበው ማስረጃ ደግሞ የባሰ ነው። «ዶክተር አክሊሉ ለማ በእንዶድ ዓለምን አስደንቀዋል» አለ። አዎ፣ አስደንቀዋል፤ በምን? በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ፍሬው ብልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚፈጅ ያረጋገጡት ከዚያ ተነስተው ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ያስገኘላቸውም ይኸው ሥራ ነው። እኚህ ሰው ያሳዩን እንዶድ ገዳይ መሆኑን ነው! በሐይቅና በከሚሴ አካባቢ ብልሃርዚያ ስንቱን ልጅ እንዳጠቃ የምናውቅ የወሎ ሰዎች ውለታቸው ይገባናል። ስማቸውን መርዝ ማሻሻጫ ማድረግ ነውር ነው።

ተፈጥሮ ነው ማለትስ ምን ማለት ነው? እንዶድ የወቀጠች እናት ጠይቁ። ሙቀጫው ፊት ስትቀመጥ አፍንጫዋንና አፏን በሻሽ ትጠመጥማለች፤ ዱቄቱ ብን ሲል ቤት ያለው ሁሉ ያስነጥሳል፣ ዓይን ያቃጥላል። ጋቢውን እንደ በረዶ የሚያነጣው ያ አረፋ ሆድ ሲገባ ማር አይሆንም። ሰው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ከበዛም ይገድለዋል። ትውከቱን አይተው ግን «መርዙ ወጣለት» ይሉታል።

«ግን እኮ ስንቱ ድኖበታል» የምትለዋ መከራከሪያ ናት የሰውን ልብ የምትሰርቀው። ማን ነው የዳነው? የነከሰ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም። ግልገሎቿን የምትጠብቅ ውሻ ትነክሳለች፤ የተራበ ይነክሳል፤ ድንጋይ የተወረወረበት ይነክሳል። ያበደው የነከሰውም ሁሉ በሽታው አይዘውም፤ ጥርሱ ጋቢና ሱሪ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁሉ መድኃኒተኛው ደጅ ይሄዳሉ፣ እንዶዱን ይውጣሉ፣ ሁለት ቀን ሲያስታውኩ ከርመው ይነሳሉ። ውኃ ቢጠጡም ይድኑ ነበር። በሽታው የገባበት ሰው ደግሞ በማግሥቱ አይታመምም፤ ቫይረሱ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ሲጓዝ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ መድኃኒተኛው «አዳንኩት» ሲል ይከርማል። የሚያመሰግነው ሕዝብ በሞላ ያልታመመው ነው!

ኩታበር ላይ የማውቀው አንድ አባት ልጁ ጉንጩን ተነክሶ ነበር። ንክሻው ለአንጎል በቀረበ ቁጥር ጊዜው ያጥራል። እንዶዱን ሰጡት፤ ልጁ ተሻለው ተባለ። ወር ሳይሞላ እናቱ ውኃ በኩባያ ስታቀርብለት ጉሮሮው እየተናነቀ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ነገር የለም፤ የትኛውም ሆስፒታል አያድነውም። ከቀብሩ በኋላ አባትየው ሄዶ ሲጠይቀው መድኃኒተኛው ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ወንዝ አሻግራችሁታል፤ መድኃኒቱ የፈረሰው በእናንተ ነው»። ከዳነ እንዶዱ አዳነው፤ ከሞተ አባቱ ገደለው። እንዲህ ያለ ተጠያቂነት የሌለበት ሕክምና የት አገር አለ?



ክትባቱ በየጤና ጣቢያው አይገኝም፣ ገበሬው ሁለት መኪና ቀይሮ ደሴ ድረስ ይመላለሳል የሚባለው እውነት ነው። ታዲያ ሬዲዮው የሚመለከተውን ኃላፊ አስቀርቦ ክትባቱ ለምን ወረዳ አይደርስም ብሎ ይጠይቅ እንጂ፣ በክትባት ፋንታ እንዶድ ያውጣ ማን አለው?

ጣቢያው ያንኑ ሰዓት ለሐኪም ይስጥ። ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ክትባት፤ ውሻው ከተያዘ አስር ቀን ታስሮ ይታይ። ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ እንግዳው የተሰጠው አርባ ደቂቃ ነበር።