ሐዋሳ፦ ከአስፋልቱ ለብስክሌት ይቆረስ?

የክርክሩ ሐሳብ፦ በሐዋሳ ዋና ዋና ጎዳናዎች የአስፋልቱ ጠርዝ በድንጋይ ተለይቶ ለብስክሌት ብቻ ይሰጥ። ደጋፊዋ በብስክሌት ሥራ የምትመላለስ መምህርት ናት፤ ተቃዋሚው ሁለት ባጃጅ የሚያስተዳድሩ የቀድሞ ሾፌር ናቸው።

ደጋፊ፦
ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ከተማዋን ያየ ሰው ክርክሩ ግማሹ አልቆለታል። ሐዋሳ ሜዳ ናት፤ አዲስ አበባ ላይ ዳገት የሚያስገፋ ብስክሌት እዚህ ከፒያሳ እስከ ሐይቁ ያለ ላብ ያደርሳል። የሚያስፈራኝ መንገዱ ሳይሆን ባጃጁ ነው። ተሳፋሪ እጁን ሲያነሳለት ምልክት ሳያሳይ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፤ እኔ ደግሞ ያለሁት እዚያው ቀኝ ጠርዝ ላይ ነው። ባለፈው ሰኞ ከአንዱ ጋር ተጋጭቼ የተማሪዎቼ ደብተሮች አስፋልት ላይ ተበተኑ፤ ግማሾቹን ውኃ አገኛቸው። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል። ወረቀቱ አለ፤ የቀረው ድንጋዩ ነው።

ተቃዋሚ፦
ልጄ፣ ስለ ደብተሮቹ አዝናለሁ፤ ለሾፌሩም አልከራከርለትም። ግን ሞተር አልባ ማለት ብስክሌት ብቻ ነው እንዴ? እግረኛው የት ሄደ? እስኪ ከመናኸሪያ ተነስተሽ በእግርሽ ሂጂ። መጀመሪያ መንገዱ ላይ የተደረደረ ጫማ፣ ቀጥሎ የአናጺ ጣውላ፣ ከዚያ ክዳኑ የተነሳ የጎርፍ ቦይ። አንድ ደግ ሰው ሰው እንዳይገባበት ብሎ ቅርንጫፍ ሰክቶበታል፤ ማታ መብራት ሲጠፋ ግን ቅርንጫፉም አይታይም። እግረኛ ወደ አስፋልት የሚወርደው ወዶ አይደለም። የአንቺ መስመር ነገ ቢሠራ ከነገ ወዲያ ጫማው እዚያ ይዘረጋል፣ ባጃጅም ይቆምበታል። ልዋሽሽ አልችልም፣ እኔም አቆማለሁ።

ደጋፊ፦
ጋሼ፣ ለዚህ እኮ ነው ቀለም አይበቃም፣ ድንጋይ ይሁን ያልኩት! የጫማ ነጋዴውን ድንጋይ እንደማይመልሰው ግን አምናለሁ፤ ቦዩም ይከደን። ፍጥነትን ግን ዘለሉት። የዓለም ጤና ድርጅት እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት መንገድ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ይመክራል። ከ30 ወደ 60 ሲያድግ የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። አስፋልቱ ሲጠብ ሾፌር ይረጋጋል፤ ቀድሞ የሚጠቀመውም የእርስዎ እግረኛ ነው።

ተቃዋሚ፦
ሾፌሩ ይረጋጋል፤ የቀን ገቢውም አብሮ ይረጋጋል! ምጥ የያዛት ሴት ደግሞ ሆስፒታል የምትሄደው በባጃጅ እንጂ በብስክሌት አይደለም። ቢሆንም በአንድ ነገር እስማማለሁ፦ ቦዩ ተከድኖ የእግረኛው መንገድ ነፃ በወጣበት ጎዳና መስመርሽ ይሠራ። በየመቶ ሜትሩ ግን ለባጃጅ መጫኛና ማውረጃ ቦታ ይከለልልን። ያ ሾፌር ሰኞ ዕለት ድንገት የተጠመዘዘብሽ ተሳፋሪው የቆመበት ቦታ ሁሉ ፌርማታው ስለሆነ ነው።