ኮሎኝ ላይ «በቃኝ» የሚባለው በካርቶን ነው

ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ይዛችሁ የጀርመኗ ከተማ ኮሎኝ ቢራ ቤት የምትገቡ ሰዎች፣ አስቀድማችሁ ይህችን ንገሩት፦ ብርጭቆው ባዶ ከሆነ ሌላ ይመጣል። ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም። እኛ ዘንድ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» እያለ የሚቀዳ ጋባዥ ሂሳቡንም ይችላል። እዚህ የሚያመጣው አስተናጋጅ ነው፤ ኮቤስ ይሉታል። ባመጣ ቁጥር ብርጭቆው ስር ባለችው ካርቶን ላይ በእርሳስ አንድ ጭረት ያሰምራል። ሂሳቡ ያ ነው። ግብዣ መስሎት፣ ይሉኝታ ይዞት እስከ ታች የሚጨልጥ እንግዳ ጭረቱን ሲቆጥሩለት ፊቱ ይለወጣል።

ማስቆሚያዋም ያቺው ካርቶን ናት፤ ብርጭቆው አፍ ላይ ትከደናለች። እጅ ማወዛወዝና «ኧረ በቃኝ» እያሉ መሽኮርመም ዋጋ የለውም።

መጠጡ ኮልሽ ይባላል። ቀጭንና ቀጥ ያለ ብርጭቆው 0.2 ሊትር ብቻ ይይዛል፣ አልኮሉ 4.8 በመቶ አካባቢ ነው። ብርጭቆው ያነሰው በስስት አይደለም፤ ኮልሽ ቶሎ ይሞቃል፣ አረፋውም አይቆይለትም። ጃምቦ የለመደ ሰው ይንቀውና ይሳሳታል፦ አምስት ጭረት አንድ ሊትር ነው፣ የእኛ ሦስት ጠርሙስ ቢራ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ጠማቂዎቹ በፈረሙት ስምምነት መሠረት ከኮሎኝና ከአካባቢዋ ውጪ የተጠመቀ ቢራ በዚህ ስም አይጠራም። አልት የሚባለውን የተፎካካሪዋን ጎረቤት ከተማ የዱሰልዶርፍን ጥቁር ቢራ እዚህ አትዘዙ፤ መሳቂያ መሆን ነው። ውሃ ያዘዘውንም «ሳሙናና ፎጣ ልጨምር?» ሊሉት ይችላሉ፤ የቆየ ቀልዳቸው ነው፣ አትቀየሙ።

ምግቡ ላይ ተጠንቀቁ። ሐልቨ ሐን ብሎ ግማሽ ዶሮ የጠበቀ ሰው አጃ ዳቦ በአይብ ይቀርብለታል፤ ለጾመኛም አይሆንም። «የኮሎኝ ካቪያር» ደግሞ ከአሳማ ደም የተሠራ ቋሊማ ነው። ይህን ሳይነግሩ እንግዳን ማሳዘዝ ነውር ነው።

ለክርስትና ወይም ለልደት ቤት ውስጥ ከሆነ ፒተርመንሸን የሚሉት የ10 ሊትር በርሜል ያዋጣል፤ 50 ብርጭቆ ይወጣዋል። ቀዝቅዞ ይምጣ፤ ከመኪና እንደወረደ አይከፈት፣ ጥቂት ሰዓት ሳይነካ ይቀመጥ፤ አለዚያ የምትቀዱት አረፋ ነው። ቧንቧውን ዘግታችሁ ከታች ባለው ቀዳዳ በመዶሻ፣ በአንድ ጠንካራ ምት አስገቡት። ፈራ ተባ እያለ የሚያንኳኳ ሰው ግድግዳውን በቢራ ያጥባል። ከዚያ የላዩ መተንፈሻ ይከፈት። እሱ ሲረሳ ቢራው ትንሽ ወርዶ ቀጥ ይላል፤ ያኔ ከመካከላችን አንዱ ጀግና ተነስቶ በርሜሉን ይነቀንቃል፣ ነገሩንም ያበላሸዋል። አየር ስለሚገባው በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፤ ለነገ የተረፈው ጋዙ የወጣ ውሃ ነው። ለአስር ሰው አንድ በርሜል ይበቃል፣ ሁለተኛውን «ምናልባት» ብላችሁ አትክፈቱ።

ቢራ ቤት ከሆናችሁ ሂሳብ ሲመጣ ኮቤሱ «አንድ ላይ ወይስ ለየብቻ?» ይላል። «እኔ ነኝ የምከፍል፣ ወላሂ አትከፍልም» የሚለውን ትግል ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱት፤ ሰውየው ቦርሳውን ከፍቶ እናንተ እስክትታረቁ ለመቆም ትዕግስቱ የለውም። ጉርሻ ድምሩን ወደ ላይ ማጠጋጋት ነው፦ 22.50 ዩሮ ከሆነ 24 በሉት።

በሩ ላይ የተደረደሩት ኤሌክትሪክ ስኩተሮች ያማልላሉ። ሕጉ ግን እንደ መኪና ነው የሚያያቸው፤ በደም ውስጥ ያለው አልኮል 0.5 ፕሮሚል (ከሺህ 0.5) ካለፈ ቅጣት አለ፣ 21 ዓመት ላልሞላው ደግሞ ጭራሽ ዜሮ ነው። በባቡር ሂዱ።