የሞተር መብራት ሥራ የሚያልቀው ግድግዳው ላይ ነው

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት በቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ወደ ለገሃር ቁልቁል እየወረድኩ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጋ ስደርስ ልጅ ያዘለች ሴት ዜብራው ጫፍ ላይ ቆማለች። እንድትሻገር ብዬ ሞተሬን አቆምኩ። አልተሻገረችም። የነጠላዋን ጫፍ አንስታ ዓይኗን ጋረደች፣ ፊቷን አዞረች፣ እዚያው ቆማ ቀረች። እኔ በእጄ «እለፊ» እላታለሁ። እጄን ከየት ታየዋለች? ከጎኔ የቆመው የሚኒባስ ሹፌር አንገቱን በመስኮት አወጣና «ወንድሜ፣ ረዥሙን አጥፋው እንጂ! ሴትየዋ አንተን መች አየችህ?» አለኝ።

ሩቅ የሚያበራው ረዥሙ መብራት አልበራም ነበር። የበራው ወደ መንገዱ ዝቅ ብሎ የሚያበራው አጭሩ ነው።

ከሦስት ቀን በፊት የፊት መብራቱን አምፖል ቤቴ ውስጥ አውጥቼ በኤልኢዲ ቀይሬዋለሁ። ሻጩ «ይሄ ሌሊቱን ቀን ነው የሚያደርግልህ» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ ለእኔ አድርጎልኛል። ለዚያች እናት ግን ምሽቱን አጨለመባት። በከተማችን በመንገድ አደጋ ሕይወታቸው ከሚያልፈው አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ይህንን እያወቅኩ እግረኛ ዓይን ውስጥ የሚያበራ ነገር በገዛ እጄ ገጥሜ ሦስት ቀን መንዳቴ እስከዛሬ ይከነክነኛል።

ይህንን ጽሑፍ የምጽፈው «ቤታችሁ አትነካኩ» ለማለት አይደለም። ሞተር የሚነዳ ሰው የሞተሩን መብራት ፈትቶ መግጠም መቻል አለበት ብዬ አምናለሁ። የ10 ቁልፍ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮና ቴስተር ካለ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። «የተሻለ መብራት» ስንል የምንቆጥረው ዋትና ሉመን፣ ማለትም የብርሃኑን ብዛት፣ ብቻ ሆኗል። ብርሃኑ የት ነው የሚወድቀው ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም።

መብራት መቀየር የሚፈልጉ ሞተረኞች ምክንያት አላቸው። በከተማችን የሚበዙት ትንንሽ ሞተሮች ብዙዎቹ 35 ዋት አምፖል ነው ያላቸው። አዲስ አበባ ደግሞ በጋ ሆነ ክረምት አንድ ሰዓት ላይ ጨልማለች። በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና አራት ኪሎ ዋናው መንገድ ደምቋል፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዕቃ የሚያደርስ ልጅ ግን የሚሄደው ዋናው መንገድ ላይ ብቻ አይደለም። ከደመቀው መንገድ ድንገት ወደ ውስጥ ሰፈር ሲታጠፍ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ጉድጓዱ፣ የተከመረው አሸዋ፣ የተኛው ውሻ የሚጠብቀው ያኔ ነው።

ታዲያ ኤልኢዲው ምን አጠፋ? ብርሃኑ መብዛቱ አልነበረም ዋናው ችግር። ኤልኢዲው የሚተካው የድሮው የሃሎጅን አምፖል፣ ኤች 4 የሚባለውም ሆነ ትንሹ ኤችኤስ 1፣ ውስጡ ሁለት ክር አለው። አንዱ ለረዥሙ፣ አንዱ ለአጭሩ። በአጭሩ ክር ሥር እንደ ትንሽ ማንኪያ ያለች ብረት አለች። የዚያች ብረት ሥራ ወደ ታች የሚሄደውን ብርሃን መከልከል ነው። ስለዚህ ብርሃኑ የሚያርፈው ከአምፖሉ ጀርባ ባለው ጎድጓዳ ማንጸባረቂያ የላይኛው ግማሽ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ አስፋልቱ ዝቅ ብሎ ይወጣል። ማንጸባረቂያው የተቀረጸው ክሩ ያለበትን ቦታ በሚሊ ሜትር ታስቦ ነው። ክሩ ባለበት ቦታ በትክክል ያልተቀመጠ፣ ወይም ብርሃኑን በዚያ መልክ የማይከልል ኤልኢዲ ሲገባ ማንጸባረቂያው ግራ ይጋባል። ብርሃኑ ይበተናል። ወደ ላይም፣ ወደ ጎንም፣ ወደ ሰው ዓይንም።

ሌላው ዓለም ይህንን በቀላሉ አልተመለከተውም። ጀርመን ውስጥ በሃሎጅን ቦታ የሚገባ ኤልኢዲ አምፖል ለመጀመሪያ ጊዜ ለመንገድ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። የኦስራም ምርት ነበር። ያም ሆኖ የተፈቀደው ተፈትኖ ላለፈና በዝርዝር ለተጻፈ የመኪና ሞዴል ብቻ ነው። አምፖሉ ጥሩ መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ ከሚገባበት መብራት ቤት ጋር መስማማቱም መታየት አለበት ማለት ነው።

እኔ ኤልኢዲውን አወጣሁት። ግን ወደ ድሮው ደካማ መብራት አልተመለስኩም። ማንም ሞተረኛ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ነገር እዚህ ጋ ነው።

ሞተሩ ተነስቶ መብራቱ በርቶ እያለ ባትሪው ላይ በቴስተር ለካሁ፤ 13.6 ቮልት። ከአምፖሉ ጀርባ ያለው ሶኬት ላይ ለካሁ፤ 12.1 ቮልት። አንድ ቮልት ተኩል መንገድ ላይ ቀርቷል! ከባትሪው የተነሳው ኤሌክትሪክ በቁልፉ፣ በፊውዙ፣ በመሪው ላይ ባለው ማብሪያ ማጥፊያ፣ በቀጫጭን ሽቦዎች ዞሮ ነው አምፖሉ የሚደርሰው። የሃሎጅን አምፖል ደግሞ በዚህ ነገር ክፉኛ ይጎዳል። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የእኔ አምፖል ደካማ አልነበረም። የሚበላውን ያህል አልደረሰውም እንጂ።

ስለዚህ የባትሪውን ኔጋቲቭ አስቀድሜ ፈታሁ። ሁለት ሪሌ ገጠምኩ፤ ሪሌ ማለት በትንሽ ኤሌክትሪክ ተቀስቅሶ ትልቁን የሚያሳልፍ ማብሪያ ነው፣ አንዱ ለአጭሩ፣ አንዱ ለረዥሙ። የሪሌው እግሮች ቁጥር አላቸው፤ በ30 ቁጥር ከባትሪው በፊውዝ በኩል ወፍራም ሽቦ ይገባል፣ በ87 ወደ አምፖሉ ይወጣል። የድሮው ቀጭን ሽቦ 86 ላይ ገብቶ ሪሌውን መቀስቀስ ብቻ ነው ሥራው። 85 ወደ ሻሲው ይታሰራል። ፊውዙ 10 አምፔር ነው፤ ባትሪው አጠገብ መሆን አለበት፣ ሽቦው መሃል መንገድ ላይ ቢላጥ እሳት የሚያስቀረው እሱ ነው። ሶኬቱ በሙቀት ቡናማ ሆኖ ነበር፣ እሱንም ቀየርኩ። አዲሱን አምፖል በሶፍት ይዤ አስገባሁ። የሃሎጅን መስታወት በጣት አይነካም። የጣት ቅባት ቀርቶበት ሲግል እዚያው ቦታ ላይ ይጎዳል። ከኋላ ያለውን የጎማ ሽፋን በደንብ መለስኩት፣ የክረምት ውኃ በዚያ ነው የሚገባው። አምፖሉ ያው 35 ዋት ነው። ሲበራ ግን ሌላ ሞተር መሰለኝ።

አንዳንዱ ሰው በ35 ፈንታ ባለ 60 ዋት አምፖል ይገጥማል። አይመከርም። 35 ዋት የሚስበው ሦስት አምፔር ገደማ ነው፣ 60 ዋት ደግሞ አምስት። የትንሽ ሞተር ጄኔሬተር ይህንን አይችልም። ትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ ባትሪው ያልቃል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ፕላስቲክ ማንጸባረቂያውም ይበላሻል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መብራቱ ኃይል የሚወስደው ከባትሪ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ መብራቱ ከበራ በአብዛኛው ከባትሪ ነው። ሞተሩ ካልተነሳ የማይበራ፣ ነዳጅ ስትሰጡት የሚደምቅ፣ ስትለቁት የሚፈዝ ከሆነ በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ነው። እንዲህ ያለው ላይ ይሄ የሪሌ ሥራ አይሠራም፤ ኤልኢዲም ይርገበገባል ወይም ይቃጠላል።

ሙሉውን መብራት ቤት የሚቀይር ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማየት አለበት። እኛ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነው የምንነዳው። ሕንድ፣ ጃፓንና ኬንያ በግራ ነው የሚነዱት። ለግራ መንገድ የተሠራ አጭር መብራት የመንገዱን ዳር ለማሳየት በግራ በኩል ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። የእኛ መንገድ ላይ ግራ ማለት ከፊት የሚመጣው ሹፌር ነው። ግድግዳ ላይ ሲበራ ከፍ የሚለው ጎን ካለ፣ ያ ጎን ቀኙ መሆን አለበት።

ግድግዳውን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ግቢው ውስጥ ሪሌውን ስገጥም ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «እንግዲህ ጨረስክ?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ፣ ይኸው በራ» አልኳቸው። «የእኔ ልጅ፣ መብራት ላዩ ላይ ቁጭ ብለህ አይታወቅም። ና፣ ፊት ለፊቱ ቁም» አሉና ክንዴን ይዘው ወሰዱኝ። ቆምኩ። ዓይኔ ውስጥ ነው የሚያበራው። ሴትየዋ ነጠላዋን ያነሳችበት ቦታ ላይ ቆሜ ያየሁት ያኔ ነው።

ከግድግዳው 10 ሜትር ለካን። ሁለቱም ጎማ በቂ አየር እንዳለው አየን። እኔ ሞተሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ምክንያቱም ሰው ሲቀመጥበት ኋላው ይወርዳል። ጋሼ የመብራቱን መሃል ከመሬት ለኩ፤ 90 ሳንቲ ሜትር። ግድግዳው ላይ በዚያው ቁመት በጠመኔ አንድ መስመር አሰመሩ፤ ከሥሩ በ15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሌላ መስመር። የአጭሩ ብርሃን የላይኛው ጠርዝ ታችኛው መስመር ላይ እስኪያርፍ ድረስ ማስተካከያ ብሎኑን አዞርኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። በዚህ ልክ ብርሃኑ አስፋልት የሚነካው 60 ሜትር ላይ ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሞተር አስተውሎ፣ ፍሬን ይዞ፣ ቆሞ ለመጨረስ ደረቅ አስፋልት ላይ 30 ሜትር እንኳን አይፈጅበትም። ለከተማ ይበቃል፣ ይተርፋልም። በተቃራኒው የመጣው ሹፌር ዓይኑ ለሁለት ሴኮንድ ቢጭበረበር ግን በዚያው ፍጥነት 22 ሜትር በጭፍን ይሄዳል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው ለመለዋወጫ ሻጮች ነው። አምፖል ስትሸጡ የሞተሩን ዓይነት ጠይቁ፣ ከገጠመ በኋላ ግድግዳ ላይ እንዲያስተካክለው ንገሩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ምንም አያስወጣችሁም። ለእኔ ያንን ቀን ቢነገረኝ ኖሮ ሦስት ቀን ሰው አላሳውርም ነበር።

ሁለተኛው ሞተረኛ ቀጥረው ዕቃ ለሚያደርሱ ድርጅቶች ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከተማው ሞተር ላይ ገደብ ከጣለ ወዲህ በፈቃድ የሚሠራው ሞተረኛ በአብዛኛው የእናንተ ሠራተኛ ነው። ማታ ማታ መንገዱን የሚሞሉትም እነዚህ ልጆች ናቸው። ግቢያችሁ ውስጥ አንድ ግድግዳ ላይ ሁለት መስመር አስቀቡ፣ 10 ሜትሩ ላይ መሬቱን ምልክት አድርጉ። ልጆቹ በሳምንት አንዴ፣ ሳጥኑ ተጭኖ እያለ ይቁሙበት። ሳጥኑ ተጭኖ የምለው በምክንያት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ምግብ የሚያደርስ አንድ የግቢያችን ልጅ ሞተሩን ይዞ መጣ። ባዶውን ስናቆመው ብርሃኑ ታችኛው መስመር ላይ ልክ አረፈ። «አየህ፣ የእኔ ልክ ነው» አለኝ። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ጀሪካን ውኃ ጫንንበት። የሞተሩ ኋላ ሦስት ሳንቲ ሜትር ወረደ። ጎማና ጎማው የሚራራቁት 1.3 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሦስቱ ሳንቲ ሜትር ግድግዳው ላይ 23 ሆና ወጣች። ብርሃኑ ታችኛውን መስመር ለቀቀ፣ ላይኛውንም አለፈው። ልጁ ከሞተሩ ሳይወርድ ግድግዳውን ትንሽ ሲያይ ቆየና «እኔ እኮ ማታ ሁሌም እንደተጫንኩ ነኝ» አለ። ካቻቪቴውን አቀበልኩት።