የጡረታ ጭማሪው በመቶኛ ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም

ስለ ጡረታ የወጣ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ «የጡረታ ጭማሪ የጡረታ ፈንዱ አቅም እየተጠና በየጊዜው ቢወሰን ይሻላል» የሚለው ሐሳቡ አልተዋጠልኝም። ገበያው ጥናት እስኪያልቅ አይጠብቅማ! የጡረታ አበሉ የሚሰላው ጡረታ ከመውጣትህ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ስለዚህ የደመወዝ እስኬሉ ሳይሻሻል የወጣ መምህር፣ እኩል ዓመት አገልግሎም፣ አበሉ ዘግይቶ ከወጣው በጣም ያንሳል። በዚህ ላይ ጭማሪው በመቶኛ ብቻ ሲሆን ልዩነቱ ይብሳል። 20 በመቶ ቢባል 3,000 ብር ለሚያገኘው 600 ነው፣ 12,000 ለሚያገኘው ደግሞ 2,400። ለትንሹ ተከፋይ ቁርጥ ያለ ብር ይጨመርለት፤ የሌላው ጡረተኛ አበል ደግሞ የስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ ከሚያወጣው የዋጋ ግሽበት ጋር በየዓመቱ ይስተካከል። ከጽሑፉ ሥር «ጡረተኛ ወጪው ትንሽ ነው» ብለህ አስተያየት ለሰጠኸው ወንድሜ፣ ወሩ ሲገባ አራት ኪሎ ባንክ ቤት ደጃፍ ቁምና እይ። አንዲት የሰፈራችን እናት ከፒያሳ የቀበሌ ቤታቸው ተነስተው ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። አሁንም ለደም ግፊት ክትትላቸው ወደዚሁ ሰፈር ይመላለሳሉ። ብሩን ተቀብለው እዚያው ደረጃው ላይ ይከፋፍሉታል፦ የመድኃኒቱ በመሐረብ፣ የታክሲው በእጅ፣ የተረፈው ለዘይት (ከተረፈ)። «ፈንዱ ይራቆታል» ለምትሉም፣ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ሲሰበሰብ የኖረው ገንዘብ ለዓመታት በግምጃ ቤት ሰነድ በትንሽ ወለድ ለመንግሥት በብድር ሲሰጥ ነበር። ያኔ ስለ ፈንዱ አቅም ማን ተጨነቀ?